ሮቤልን የገደልኩት እኔ ነኝ

በጎረቤት መቅናት ያለ ነው። በባልንጀራ መቅናትም ያለ ነው። በወንድም መቅናትማ ከቃየል ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ስለሆነ ማንም አይደነቅበትም። እኔ ግን የቀናሁት በአንሶላ ነው። አዎ፣ በአንሶላ። ከሆቴል የተዋስነው፣ አንዱ ጥጉ ላይ የሻይ እድፍ ያለበት፣ በምስማር ከግድግዳ ጋር የተቸነከረ ነጭ አንሶላ። ቅናቴ ደግሞ የዋዛ አልነበረም፤ ምግብ የሚዘጋ፣ ጉሮሮ ላይ እንደ ዓሣ እሾህ የሚሰነቀር ዓይነት ነበር። ተቀናቃኙ ሥጋ ለባሽ የሆነ ሰው ቢጨንቀው ይደባደባል። ከአንሶላ ጋር ግን እንዴት ተብሎ ይደባደቡታል? ቢመቱት የሚያመው የመቺውን እጅ ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ላሊበላ ላይ ነው። እኔ የኮን ከተማ ልጅ ነኝ፤ ላሊበላ የመጣሁት እንግሊዝኛ እንዳስተምር ተመድቤ ነው። እንግሊዝኛዬ ለስድስተኛ ክፍል ይበቃል፤ ለሰባተኛ ክፍል ሌላ ሰው ቢፈለግ አልቀየምም። አስካለ ደግሞ የኅብረት ሱቁ ሻጭ ነበረች። እዚያ ሱቅ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከአስካለ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ስኳር የለም፣ ጋዝ የለም፣ ሳሙና የለም። እኔ ግን በየቀኑ እየሄድኩ፣ "ሳሙና መጣ?" እላለሁ። "አልመጣም" ትለኛለች። ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ታዲያ ሳሙናው የእውነት መጣና ሰልፉ እስከ መንገዱ ደረሰ። ከሰልፉ ብዛት አስካለን ማየት ስላልቻልኩ ተበሳጭቼ ባዶ እጄን ሄድኩ። ያን ዕለት ነው የገባት።

ከገባት በኋላ የቀረው አባቷ ነበሩ። አያ ቢሻው ይባላሉ። በወጣትነታቸው ነብር ገድለዋል። ነብሩን ያየ ሰው በሕይወት የለም፤ ነብሩ ግን ከሞተ በኋላም ማደጉን አላቋረጠም። እኔ ላሊበላ በደረስኩበት ዓመት የወይፈን ያህል ሆኖ ነበር። ሰው በፊታቸው ስለ ጀግንነት ካወራ ይቀመጣሉ፤ ስለ ፈሪ ካወራ ተነሥተው ይሄዳሉ። እንዲህ ያሉ ሰው ልጃቸው ከግንባር ጠፋ ተባለ። የአስካለ ታላቅ ወንድም ጌታሁን ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበር። መጀመሪያ ደብዳቤው ቀረ፤ ቀጥሎ ወሬ መጣ። ወሬው አንድ ቀን በቀበሌ ስብሰባ ላይ በአሽሙር ሲወረወር አያ ቢሻው ብድግ ብለው፣ "የሸሸ ልጅ የለኝም! የሸሸ ካለም የእኔ አይደለም!" አሉና ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት የጌታሁን ስም አይነሣም። የሚተኛበት መደብ ግን እንደተነጠፈ ነው ይባላል።

እንግዲህ እኔ ሽማግሌ የላክሁት እዚህ ቤት ነው። የሽማግሌዎቼ አለቃ አባ ተክሌ ነበሩ፤ ወሬ በማሳጠር የታወቁ ካህን ናቸው። ሁለት ጊዜ ተመላልሰው፣ በሦስተኛው አያ ቢሻው፣ "እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ኑ፤ ቁርጡን እነግራችኋለሁ" አሏቸው። እኔም እሁድን እየጠበቅሁ እያለ ፊልሙ መጣ።

ፊልሙን የያዘው መኪና ከጋሸና ታጥፎ፣ ያንን ጠመዝማዛ መንገድ እየተንፏቀቀ ወርዶ፣ እንደገና እየተንፏቀቀ ወጥቶ ዓርብ ቀን ገባ። ሕዝቡን ለዘመቻ የሚያነቃቃ የጦርነት ፊልም ነው ተባለ። ጉዱ የፈረንጅ ፊልም መሆኑ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አስጠሩኝ።

"ጓድ መምህር፣ አንተ ትተረጉማለህ።"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እንግሊዝኛዬ እኮ…"

"ጓድ መምህር!"

በዚያ ዘመን የመጀመሪያው "ጓድ" ሰላምታ ነው፤ ሁለተኛው ግን ሰላምታ አይደለም። እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው አዳራሽ መስኮት ሁሉ በጆንያ ተጋርዶ ጨለማ ተደረገ። ከገበያ የሚመለሰው ሰው እንዳለ ጎረፈ። ዶሮ የያዘ ከነዶሮው፣ ጌሾ የተሸከመ ከነጌሾው ገባ። መግቢያ ያጣው እንዲሰማ ደግሞ ሞንታርቦው ደጅ ላይ ተሰቀለ። እኔ ማይክራፎን ይዤ ከአንሶላው ጎን ቆምኩ። በዕድሜዬ ያን ያህል ሰው ዝም ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ከፊተኛው አግዳሚ ላይ አያ ቢሻው ጋቢያቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው አስካለ። ጸጉሯን ተሠርታለች። "ለእኔ ነው" አልኩ በልቤ። ሰው ማይክራፎን ሲይዝ እንዲህ ያስባል።

ፊልሙ ስለ አንድ ወጣት መኮንን ነው። ስሙ ሮበርት ነው ብዬ ስናገር ሕዝቡ ሮቤል ብሎ ተቀበለኝ፤ እኔም ተስማማሁ። ይህ ሮቤል እንዴት ያለ ሰው መሰላችሁ! ቁመናው ምሰሶ፣ ጥርሱ በረዶ፣ ፈረስ ላይ ሲወጣ ፈረሱ ራሱ የተሾመ ይመስለዋል። እኔ የደመወዜን እኩሌታ ከፍዬ ባሰፋሁት ኮት እንደዚያ አልቆምም። ብቅ እንዳለ አስካለ ወደ አግዳሚው ጫፍ መጣች። እኔ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ብልክ ወደ አግዳሚ ጫፍ አልመጣችም። እሾኋ ጉሮሮዬ ላይ የገባችው ያኔ ነው።

ደግነቱ ብዙም ሳይቆይ ሮቤል ተዋረደ። ጦሩ ሊዘምት በተነሣበት ጠዋት ከፈረሱ ወረደና ቀረ። አልሄድም አለ። ጓደኞቹ ሰይፉን ሰብረው ለአባቱ ላኩላቸው። እጮኛው ቀለበቱን መለሰች። አባቱ የግቢያቸውን በር ዘጉበት። አዳራሹ በሙሉ "ኤዲያ!" አለ። አንዷ ሴትዮ ወደ አንሶላው ምራቋን እንትፍ አለች። አያ ቢሻውም፣ "ለፈሪ ሜዳ አይነሡም!" ብለው አንገታቸውን ደፉ። ተነሥተው ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ ግን አልተነሡም። እኔ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

በዚያ መሀል አስካለ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ "ፈሪ አይደለም" አለች። "ዓይኑን እዩት እንጂ። የፈሪ ዓይን አይደለም።"

ዓይኑን! ሰው በስንቱ ይቀናል? እስከዚያ ድረስ የቀናሁት በቁመናውና በፈረሱ ብቻ ነበር። አሁን ደግሞ ዓይን ተጨመረ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እኔ በማይክራፎን ላይ ተሹሜአለሁ፤ ሹመቴም ፊልሙ እስኪያልቅ ብቻ ነው። ስለዚህ መብላት ጀመርኩ። ሮቤል በሐዘን ተቀምጦ አጭር ነገር ሲናገር፣ እኔ ረጅም አድርጌ፣ "'እናቴ ናፈቀችኝ፤ ደግሞም ጠዋት ጠዋት ሲበርድ አልወድም' ይላል" አልኩ። ሕዝቡ ተንጫጫ። መስኮት ላይ ቆሞ ጓደኞቹ ሲሄዱ ሲያይ፣ "'ስንቃቸውን ጥለውልኝ ሄደው ይሆን?' ይላል" አልኩ። ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስም እናገርለት ጀመር። በሐሳቡ የሚለውንም ተረጎምኩ። በመጨረሻም ሮቤል በልጅነቱ ድመት ይፈራ እንደነበር አስታወቅሁ። ይሄ ከፊልሙ ውስጥ በየትኛውም በኩል የለም። አስካለ ግን ዓይኗን ከአንሶላው አልነቀለችም። እንዲያውም እኔ በሰደብኩት ቁጥር ወደ ፊት ትጠጋ ነበር፤ ትንሽ ቢቆይ አንሶላው ውስጥ ትገባብኝ ነበር።

ፊልሙ እኩሌታው ላይ ሲደርስ መብራት የሚሰጠው ሞተር ጋለ። ባለፊልሙ መብራቱን አጠፋና፣ "ቀሪው ነገ" አለ። ያን ጊዜ የተነሣው ጩኸት! አያ ቢሻው ከዘራቸውን መሬት ላይ እየመቱ፣ "ልጁሳ? ልጁ ምን ሆኖ ቀረ?" አሉ።

"ነገ፣ አባት፣ ነገ።"

አባ ተክሌ ይህችን ጊዜ ጠብቀው ጠጋ አሉ። "አያ ቢሻው፣ የነገውን ቀጠሯችንን እንዳይዘነጉት።"

"አልዘነጋሁም አባቴ። ግን የዚህን ልጅ መጨረሻ ሳላይ ስለ ልጅ አላወራም። ከፊልሙ በኋላ ይሁን።"

አያችሁልኝ? ትዳሬ ከአንሶላ ጋር ታሰረ።

አስካለን እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ሸኘኋት። "ጎበዝ፣ እንዴት አድርገህ ተረጎምከው!" እንድትለኝ እየጠበቅሁ ዝም ብዬ ሄድኩ።  በመጨረሻ፣ "ከፈረሱ ሲወርድ እጁ ሲንቀጠቀጥ አየኸው?" አለችኝ።

"አላየሁም።"

"እንዴት አታይም? አጠገቡ ቆመህ!"

"ስተረጉም ነበራ።"

ትንሽ ሄደን ደግሞ፣ "እንግዲህ ዛሬ የት ያድር ይሆን?" አለች።

"ማን?"

"ሮቤል ነዋ። አባቱ በር ዘግተውበት።"

"አስካለ፣ አንሶላው ተነቅሎ ለሆቴሉ ተመልሷል። አሁን እንግዳ ይተኛበታል" አልኳት። ሳቅ የሚገባው ንግግር ነበር። አልሳቀችም። "ይመለሳል፤ እንደዚህ ሆኖ አይቀርም" አለች፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ ሳይለይ፣ ወደ ሰሜን በኩል ወዳለው ተራራ እያየች። እኔ ደግሞ የቅናት ነገር ሆኖብኝ ተራራውን አላየሁትም።

ቤቴ ገብቼ የጺም መላጫ መስታወቴን አወጣሁና የፈሪ ያልሆነ ዓይን ተለማመድኩ። አንዱን ዓይኔን ጨፈን፣ ሌላውን ገለጥ አድርጌ፣ ግንባሬን ቋጥሬ ብዙ ደከምኩ። አከራዬ በበሩ ሲያልፉ አይተውኝ፣ "ልጄ፣ ጠበል ብትሄድ ነው የሚሻልህ" አሉኝ። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ደግሞ ምን ብዬ እንደተሳልኩ ልንገራችሁ? አስካለን ስጠኝ አላልኩም። የፊልሙ ቀሪ እኩሌታ ተቃጥሎ ቢገኝ ጧፍ አስገባለሁ ብዬ ነው የተሳልኩት። እግዜር እንዲህ ያለውን ስእለት ዝም ብሎ ያልፈዋል መሰለኝ፤ ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ።

እሁድ አዳራሹ ከቅዳሜው ባሰ። ወሬው ተሰምቶ ከአሸተን ማርያም በኩል ያለው ሰው ሁሉ ወርዶ መጥቷል። እንደምንም ብለው ሴቶቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ከእነሱ መካከል እትዬ ዘውዴ ነበሩ። እትዬ ዘውዴ ያላለቀሱለት ሬሳ እንደተቀበረ አይቆጠርም፤ በሙሾ ግጥም ከዚያ እስከ ላስታ ዳር የሚስተካከላቸው የለም።

ፊልሙ ጀመረ። አንድ ጢማም አጋሰስ ነጂ፣ በአቧራ ተለውሶ፣ በቅሎውን እየጎተተ ብቅ አለ። አዳራሹ በአንድ አፍ፣ "ሮቤል!" ብሎ ጮኸ። እውነትም ሮቤል ነው። ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ጢም አሳድጎ፣ አጋሰስ ነጂ መስሎ የተከበቡትን ጓደኞቹን ሊያድን እየሄደ ነው። ይህ ሲገባኝ ማይክራፎኑን አንሥቼ፣ "አይደለም! ሌላ ሰው ነው። አጋሰስ ነጂ ነው" አልኩ።

አስካለ ብድግ አለች። "ጢም ቢያበቅል ዓይኑ የት ሄዶ?"

"የአጎቱ ልጅ ነው" አልኩ። "ይመሳሰላሉ።"

"አንተ አስተማሪ" አሉ እትዬ ዘውዴ፣ "አንተ ሰውዬውን የት ታውቀዋለህ? እኛ ትናንት ስናየው ነው የዋልን!"

ሳቁ ደጅ ድረስ ተሰማ። አያ ቢሻው ግን አልሳቁም። "ዝም በሉ፤ ልጁን እንየው" አሉ።

ጓደኞቹ አንድ አምባ ላይ በጠላት ተከበው ውሃ ጠምቷቸዋል። ሮቤል ውሃ በአቁማዳ ጭኖ ዳገቱን ተያያዘው። ዳገቱ ከአሸተን ዳገት ቁርጥ ነው፤ ስንቱን ሰው ዓይኑ እያየ ደከመው። ግማሽ መንገድ ላይ በቅሎዋን መቷት። ሴቶቹ "ወይኔ በቅሎዋ!" አሉ። ሮቤል አቁማዳውን ከሞተች በቅሎ ጀርባ ፈትቶ በራሱ ጀርባ አዘለና ወጣ። አዳራሹ ውስጥ ዶሮዋ እንኳ ዝም አለች። አስካለ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። እኔም ቅናቴ እስከ ግንባሬ ወጥቷል። በዚህ ጊዜ ጥይት ጮኸና ሮቤል በግንባሩ ተደፋ። አንሶላው ላይ ንግግር የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ ንፋስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጊዜ ዳግመኛ አይገኝም አልኩና ማይክራፎኑን ወደ አፌ አስጠግቼ፣

"ሮቤል ሞተ" አልኩ። ያም አልበቃኝም። "አለቀለት። ነፍስ ይማር።"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎረቤት ተነግሮ፣ ሌሊት ሳይነጋ በቀስታ ተኪዶ፣ ከሟች እናት ጎን ደጋፊ ሳይጠፋ ነው የሚነገረው። እኔ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በሞንታርቦ፣ ደጅ ላለው ሰው ጭምር አረዳሁ።  ቀጥሎ እትዬ ዘውዴ ተነሡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሠሩ፤ ደረታቸውን አንዴ መቱና፣

ፈሪ ነው እያሉ ሲያሙት በየቤቱ፣
ውሃ እንዳዘለ ወደቀ በደረቱ።

አሉ። በቃ። አዳራሹ ፈረሰ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ጮኹ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የገዛ ሽማግሌዬ አባ ተክሌ ቆመው "እግዚኦ" ማለት ጀመሩ። ሊቀመንበሩ፣ "ጓዶች! ጓዶች! ይሄ የማነቃቂያ ፊልም ነው!" እያሉ ከወዲያ ወዲህ ይሮጣሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ደጅ ያለው ሰው ምን እንደሆነ ሳያይ በሞንታርቦ ብቻ ያለቅሳል።

አስካለን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ ነክሳ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ በዚያች ሰዓት ምን አሰብኩ? "እኔ ብሞት እንዲህ ታለቅስልኛለች?" ብዬ ነው ያሰብኩት። በሞቱ ቀናሁበት! ሰውዬውን ከፈረስ አውርጄ፣ ስንቅ አስመኝቼ፣ ድመት አስፈርቼ፣ በመጨረሻ ገድዬው እንኳ አላሸነፍኩትም። ከሕያው ጋር መፎካከር ይቻላል፤ ሙትን ግን ማን ይቀድመዋል?

ይሄኔ ከወደ ኋላ አንድ ድምፅ፣ "ኧረ እጁ! እጁ ተንቀሳቀሰ!" አለ።

ሁሉም ወደ አንሶላው ዞረ። የሮቤል እጅ አፈሩን ቧጠጠ። ክርኑ ተነሣ። ጉልበቱ ተነሣ። አቁማዳውን እንዳዘለ ቆመ። ከዚያ በኋላ የተሰማውን እልልታ ላሊበላ የሰማችው በገና በዓል ብቻ ይመስለኛል። ዶሮዋ አምልጣ በሰው ራስ ላይ በረረች። አባ ተክሌ "እግዚኦ"ውን አቋርጠው በጭብጨባ ቀጠሉ። ሮቤል ውሃውን ለጓደኞቹ አደረሰ፤ ሰይፉን የሰበሩበት ሰዎች ከእጁ ጠጡ።

እልልታው ሲበርድ ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

"ማን ሞተ ነበር ያልከው?" አሉ አያ ቢሻው።

"ወድቆ ሳየው… የሞተ መስሎኝ…"

"የውሸት መርዶ!" አሉ እትዬ ዘውዴ። "በአሸተን ማርያም! በውሸት መርዶ ደረቴን አስመታኸኝ!"

አያ ቢሻው ግን አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ "ሳታጣራ የሰው ልጅ ትገድላለህ?" አሉኝ። "ቤቱ ተቀምጦ የሚጠብቀው አባት የሌለው መሰለህ?"

ድምፃቸው ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ ነው አስካለን በደንብ ያየኋት። አንሶላውን አታይም። የምታየው አባቷን ነው። ከትናንት ጀምሮም አንሶላ ላይ ያለ ፈረንጅ ስታይ አልነበረም። ስታይ የነበረው ጌታሁንን ነው። "ዓይኑ የፈሪ ዓይን አይደለም" ያለችው ስለ ወንድሟ ነው። ለአባቷ ነው የተናገረችው። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ በገዛ አማቼ ልጅ ስቀና ቆየሁ፤ ያ ሳይበቃኝ በአባቱ ፊት ገደልኩት። ደረታቸውን የመቱትን ሴቶችም አየኋቸው። ከእነሱ መካከል ልጅ ያልሸኘች አልነበረችም። ሥዕል መሆኑን አጥተውት አይደለም፤ ልጆቻቸው ሲሸኙ ከበሮ ተመቶ መፈክር ተባለ እንጂ ማንም አልቅሱ አላላቸውም ነበር። ሰበብ ሰጠኋቸው፣ አለቀሱ።

ማይክራፎኑን አስቀምጬ ልሸሽ ፈለግሁ። በሩ በሰው ተሞልቷል። መስኮቱን አሰብኩት፤ ጆንያው የተቸነከረው በእኔ ነበር፣ አጥብቄ ነው የቸነከርኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ሰውን ፈሪ እያልኩ ስሰድብ ቆይቼ መውጫ የምፈልገው እኔ ብቻ ሆንኩ። ቆምኩ። ከጀግንነት አልነበረም፤ መሄጃ ከማጣት ነው።

ፊልሙ እያለቀ ነው። ሮቤል፣ እንደዚያው እንደተጎሳቆለ፣ ወደ አባቱ ቤት መጣ። በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው አባት አንድ እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው ቆሙ። ልጁም ቆመ። ተያዩ።

አዳራሹ ጠበቀ። ሽማግሌው ምንም አላሉም።

"ምን አሉት?" አለ አንድ ሰው።

ምንም አላሉትም። ፊልሙን የሠራው ሰው ዝም እንዲሉ ነው ያደረጋቸው፤ ፈረንጅ ዝምታ ይወዳል። አያ ቢሻው ዓይናቸውን ከአንሶላው ሳያነሡ፣ በቀስታ፣ ለእኔ ብቻ እንደሚናገር ሰው፣

"አስተማሪ፣ አባትዬው ምን አለው?" አሉ።

ማይክራፎኑን አነሣሁ። እጄ እንደ ሮቤል እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። "'ና ግባ ልጄ' አለው" አልኩ። "'እራት ቀርቧል።'"

የሽማግሌው ከንፈር እንደተዘጋ ነው። ያ ሁሉ ሰው ዓይን አለው፤ "የአጎቱ ልጅ ነው" ስል የሳቀብኝ ሕዝብ ነው። ማንም ትንፍሽ አላለም።  አያ ቢሻው ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት፤ መብራቱ ሲበራም አላወረዱትም።

ደጅ ስንወጣ አባ ተክሌ አሳጥረው፣ "እንግዲህ መልሱን" አሉ። እኔ ከኋላቸው ተደብቄአለሁ። መልሱን አውቄዋለሁ ብዬ ኮን ላይ ስለሚገኝ ክፍት የአስተማሪ ቦታ እያሰብኩ ነበር።

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አሉ አያ ቢሻው። "ግን በእናንተ በሽማግሌዎች ፊት አንድ ነገር ይማልልኝ። ቤቴ መርዶ የመጣ እንደሆነ፣ እሱ እንዳያረዳ።"

ማልኩ። ሁለት እጄን አንሥቼ ነው የማልኩት።

መርዶም አልመጣም። ዓመታት አለፉ፤ ጦርነቱ አለቀ። እኔና አስካለ ሁለት ልጆች ወልደን ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ አያ ቢሻው ቤት ተሰብስበን እራት ሊቀርብ ሲል፣ አንድ የከሳ ጢማም ሰው በአጥሩ በኩል መጣ። ውሻው ጮኸበት። "ማነህ?" አልኩት እኔ። አስካለ ግን የያዘችውን ትሪ ለቀቀችው። ጢም ቢያበቅል ዓይኑ የት ሄዶ!

አያ ቢሻው ተነሥተው፣ በከዘራቸው እየተደገፉ፣ እስከ በሩ ሄዱ። አንድ እጃቸውን በሩ ላይ አደረጉ። ጌታሁን ቆመ። "የሸሸ ልጅ የለኝም" መባሉን የነገረው ሰው ነበር መሰለኝ፤ አልተጠጋም፣ ዓይኑንም አላነሣም። አያ ቢሻውም ቃል አልወጣቸውም። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ቆሟል፤ እትዬ ዘውዴም አሉበት። ታምኑኛላችሁ? ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ማይክራፎን የያዝኩ ይመስል።

አያ ቢሻው ግን አስተርጓሚ አልፈለጉም። "ና ግባ ልጄ" አሉት። "እራት ቀርቧል።"

የት እንደነበረ፣ ከምን እንደሸሸ፣ ምን እንዳዳነ የጠየቀው የለም። በላ። አባቱ እያጎረሱት በላ። መደቡ እንደተነጠፈ ነበር።

ያን ዕለት እኔም አለቀስኩ፤ አልደብቅም። ትንሽ ቆይቶ አስካለ እንባዋን እየጠረገች፣ "አባባ እኮ ያንን የፊልሙን አባት ቃል እስከ ዛሬ አልረሱትም!" አለች።

"እንዴት ይረሳል?" አሉ እትዬ ዘውዴ። "ያ ፈረንጅ እንዴት ያለ አዋቂ ሰው ነበር! በሁለት ቃል ጨረሰው እኮ!"

የጎረስኩት ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ያቺ አሮጌ እሾህ ተመልሳ መጣች። "ያ ፈረንጅ አፉንም አልከፈተ! ያን ቃል ያልኩት እኔ ነኝ!" ልል አፌን ስከፍት አያ ቢሻው ከጌታሁን ማዶ ቀና ብለው አዩኝ። አያያቸው ሁሉን እንደሚያውቁ ያሳብቃል፤ ያን ቀንም ያውቁ ነበር።

ውሃ ጠጥቼ አወራረድኩት። የተናገርኩ እኔ፣ የተመሰገነ አንሶላው።